ማርክ የሚሰጠው ሰው ደሞዙን ከማን ነው የሚቀበለው?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፈተና የሚያርመው መምህር ደሞዙን የሚከፍለው ተፈታኙ ራሱ ቢሆን ውጤቱን ታምኑታላችሁ? እኔ አላምንም። የቪዲዮ ጌም ግምገማ ግን ለብዙ ዓመታት በዚህ አሠራር ነው የኖረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጌም መጽሔቶችና ድረ ገጾች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን የሚያወጡት ደግሞ በአብዛኛው ጌም አሳታሚዎቹ ናቸው። ጌሙ ገበያ ሳይወጣ በፊት ለገምጋሚው ቅጂ የሚሰጡትም እነሱው።

አሜሪካዊው ጄፍ ገርስትማን የጌምስፖት አዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ‹ኬን ኤንድ ሊንች› ለተባለው ጌም ከ10 6 ሰጠ። ያን ሰሞን ድረ ገጹ በዚሁ ጌም ማስታወቂያ ተጥለቅልቆ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ተባረረ። ድርጅቱ «ከማስታወቂያ ጋር አይገናኝም» ብሎ አስተባበለ። ገርስትማን በ2012 አፉን ሲከፍት ግን፣ በዝቅተኛ ማርክ ምክንያት ማስታወቂያ እናቋርጣለን የሚሉ አሳታሚዎች እንደነበሩና አለቆቹም ለጫናው እንደተንበረከኩ ተናገረ።

ሁሉም ጫና እንዲህ ዓይን ያወጣ አይደለም። በ2020 ‹ሳይበርፐንክ 2077› ሊወጣ ሲል ለገምጋሚዎች ቀድሞ የተሰጠው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ማሳየትም ተከልክለው ነበር። ከፍተኛ ማርክ ጎረፈ። በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሕዝብ ግን በየደቂቃው የሚንተፋተፍ፣ የሚዘጋ ጌም ነው የጠበቀው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሶኒ ጌሙን ከኦንላይን መደብሩ አውጥቶ ገንዘብ መመለስ ጀመረ። እዚህ ላይ ማንም «ዋሹ» አልተባለም። የሚያዩት ነገር ብቻ ተመረጠላቸው።

«ታዲያ ገምጋሚዎቹ ለምን እምቢ አይሉም?» ትሉ ይሆናል። እምቢ ያለ ቅጂ ይቀርበታል። ጽሑፉ ዘግይቶ ሲወጣ አንባቢው ሌላ ጋ አንብቦ ጨርሷል። እውነቱን የጻፈ ደግሞ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ እኔ ጥፋቱን በግለሰቦች ብቻ አልጭንም። ሆዱ በተፈታኙ እጅ ያለ አራሚ፣ ጨዋም ቢሆን እስክሪብቶው ይንቀጠቀጣል።

ጌም የምትወዱ ተማሪዎቼ፣ በሰው አገር ሆናችሁ ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ የምትገዙም፣ ማርኩን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቅጂውን ማን ሰጠው? ምን እንዳያሳይስ ተከለከለ? መልሱ ካልተጻፈ አንድ ሳምንት ታገሱ። በገዛ ገንዘቡ የገዛ ሰው እስኪናገር ብትጠብቁ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ በጨዋ ደንብ እንከራከር።