አዲሱን ቤት ከልክሎ አሮጌውን ማስወደድ

የባሕር በር የሌላት አገር ጋዜጣ ስለ ባሕር ዳርቻ ቤት ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ነገሩ የባሕር ሳይሆን የቦታ ነውና። የቦታ ነገር ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም።

ሴንት አይቭስ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዋል የምትገኝ፣ የነዋሪዋ ቁጥር 11 ሺህ ገደማ የሆነ ትንሽ ከተማ ናት። ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1877 ባቡር ገባላት። ሰዓሊያን ተከተሉ። በ1993 ቴት የተባለው ስመ ጥር የሥነ ጥበብ ማዕከል ቅርንጫፉን ከፈተባት። በ2021 የቡድን ሰባት አገሮች መሪዎች የመከሩበት ካርቢስ ቤይም እዚያው አጠገቧ ነው። ሰዓሊ ያደነቀውን ቱሪስት ይጎበኘዋል፤ ቱሪስት የጎበኘውን ባለገንዘብ ይገዛዋል። በዚህ አኳኋን ከከተማዋ አራት ቤቶች አንዱ ያህሉ፣ ባለቤቱ ለዕረፍት ብቻ ብቅ የሚልበት ወይም ለእንግዳ የሚከራይ ሆነ። ብርዱ ሲገባ መስኮቱ ሁሉ ጨለማ ነው። የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርና የዓሣ አጥማጁ ልጅ ግን ደመወዛቸው የሚችለው ቤት አጡ።

ነዋሪው መረረውና በግንቦት 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 83 በመቶው፣ ከእንግዲህ በከተማዋ የሚሠራ አዲስ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው እንጂ ለሁለተኛ ቤት ፈላጊ እንዳይሸጥ ወሰኑ። አንድ የአርክቴክቶች ድርጅት ፍርድ ቤት ከሶ በዚያው ዓመት ተረታ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እስቲ ከጭብጨባው ወጣ ብለን እናስላው። ክልከላው አዲስ ቤትን ብቻ ነው የሚመለከተው። ባለገንዘቡ የሚፈልገው ግን አዲስ ቤት አይደለም። የሚፈልገው ባሕሩን፣ አሸዋውን፣ ጠባቡን የድንጋይ መንገድ ነው። ይህ በፋብሪካ አይመረትም። የኢኮኖሚክስ ሀሁ የቆጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አቅርቦቱ በማይጨምር ነገር ላይ የፍላጎት በር በአንድ በኩል ሲዘጋ ፍላጎቱ በሌላው በኩል ይገባል። የገባው ወደ አሮጌዎቹ የዓሣ አጥማጅ ቤቶች ነው። ሥራ ተቋራጩም በበኩሉ፣ ገዢው የተገደበበትን ቤት ከመሥራት ወደ ሌላ ቦታ መሄድን ይመርጣል። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ምሁራን ውሳኔውን የተቹትም በዚሁ መንገድ ነው።

ለመሆኑ ተጠቃሚው ማን ሆነ? ቀድሞ ቤት የነበረው ሰው ነዋ! ያልነበረው እንደ ወትሮው ደጅ ቀረ። ጭራሹንም የሚሠራለት ቤት አነሰ። ከውሳኔው በጥቅሙ የተገላገለ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማጨብጨብ የሕዝብ ወዳጅነት አይመስለኝም።

መንግሥት ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ታክስ። እስቲ 400 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ቤት እንውሰድ። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ባለው ስሌት፣ አንድ ቤት ብቻ የሚኖረው ሰው ሲገዛ የሚከፍለው የስም ማዛወሪያ ግብር 10 ሺህ ፓውንድ ነው። ሁለተኛ ቤቱ ከሆነ በዋጋው ላይ 5 በመቶ፣ ማለትም 20 ሺህ ይጨመርበታል። ገዢው ብሪታንያ ውስጥ የማይኖር ከሆነ ሌላ 2 በመቶ አለ፤ እሱም 8 ሺህ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለዕረፍት የሚገዛ ሰው በድምሩ 38 ሺህ ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው። ከዚያም በላይ የኮርንዋል ምክር ቤት ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በሁለተኛ ቤት ላይ ዓመታዊውን የከተማ ግብር እጥፍ አድርጎታል።

ባለገንዘብ ይህን ከፍሎ አይገዛም ወይ? የሚገዛ ይገዛል። ቤቱን የኪራይ ንግድ ብሎ አስመዝግቦ ከዓመታዊው ግብር የሚሸሽም አለ። ለዚህ ሲባል ነው ከሚያዝያ 2023 ወዲህ እንዲህ የሚያስመዘግብ ሰው በዓመት ቢያንስ 70 ቀን ማከራየቱን እንዲያሳይ የተጠየቀው። ነገር ግን በታክሱና በክልከላው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ታክሱ አሮጌ አዲስ ሳይል የተዘጋውን ቤት ሁሉ ይነካል፤ ገንዘብም ያስገባል። ያ ገንዘብ ለሠራተኛ ቤት መሥሪያ ከዋለ መፍትሔ ነው። በሌላ በጀት ውስጥ ከሰመጠ ግን ቅጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ጸሐፊ አቋም እዚህ ላይ ነው፤ ግንባታን አትከልክሉ፣ ባዶነትን አስከፍሉ፣ በገቢው ገንቡ።

ዘመድ ወዳጅ እንግሊዝ ያለው፣ እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ቤት ልግዛ ብሎ ካማከራችሁ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ቤቱ የቋሚ ነዋሪነት ግዴታ አለበት ወይ? ግዴታው ቤቱን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ገዢም ይተላለፋል። ስለዚህ ሲሸጥ ገበያው ይጠብበታል። እዚያው ሠርቶ እዚያው ለሚያድር ሰው ግን ይህ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ባለገንዘቡ የማይሻማው ቤት ነውና። ለትርፍ ብሎ ለሚገዛ ግን አይሆንም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ የሚያስችል አዋጅ አጽድቋል። ተገዝቶ የተቆለፈ ቤትም በየሰፈራችን እናውቃለን። በአዋጁ ዙሪያ ክርክሩ ያተኮረው ማን ይግባ፣ ማን አይግባ በሚለው ላይ ነው። የሴንት አይቭስ ሰዎች በዘጠኝ ዓመት የተማሩት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቤቱን ማን ገዛው ሳይሆን፣ ማታ መብራት የሚያበራበት አለ ወይ? ሕግ አውጪዎቻችን መመሪያ ሲጽፉ ይህን ቢያስቡበት፣ ያለ ሕዝበ ውሳኔና ያለ ጭብጨባ ብዙ ያተርፋሉ።