የራበው ልጅ ተረት ይበላል ወይ?



ባለፈው ሳምንት ለተፈናቃይ ልጆች የተረት መጻሕፍት እናሰባስብ ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ የማከብረው ልጅ በኢንቦክስ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ የራበው ልጅ ተረት ይበላል እንዴ? ዱቄት አይሻልም?» ቅር አላለኝም። ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ዱቄቱ ይቅደም። በዚህ አንጣላም። የማልስማማው ዱቄቱ እስኪሟላ ድረስ ተረቱ ይቆይ በሚለው ላይ ነው። ልጅነት ወረፋ አይጠብቅማ!

ደግሞ ይህን ጥያቄ እኛ አልጀመርነውም። ዬላ ሌፕማን የምትባል ጀርመናዊት አይሁድ ጋዜጠኛ ነበረች። በናዚዎች ዘመን ልጆቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ለአሜሪካ ጦር የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ አማካሪ ሆና ወደ ጀርመን ተመለሰች። ከተማው ፍርስራሽ፣ ሰዉ የተራበ። እሷ ግን ለ20 አገሮች ደብዳቤ ጻፈች፤ የልጆች መጻሕፍት ላኩልን ብላ። ጀርመን ሁለት ጊዜ የወረረቻት ቤልጂየም አንልክም አለች። ሴትዮዋ እንደገና ጻፈች፤ ቤልጂየምም ላከች። እ.ኤ.አ. በ1946 ሙኒክ ላይ፣ ሂትለር ለሥነ ጥበብ ማሳያ ብሎ ባሠራው ሕንፃ ውስጥ፣ የዓለም የልጆች መጻሕፍት ለእይታ ቀረቡ። መዋጋት የማይወደውን፣ አበባ እያሸተተ መቀመጥ የሚመርጠውን የኮርማው የፈርዲናንድን ታሪክም ተርጉማ፣ በጋዜጣ ወረቀት 30,000 ቅጂ አሳትማ ለልጆች አደለች። እ.ኤ.አ. በ1949 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ሙኒክ ውስጥ አለ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩም ሕንፃውም አይደለም። እነዚያ ልጆች ያሳደዷት ሰዎች ልጆች ነበሩ። እሷ ልጅን የአባቱ ዕዳ ከፋይ አላደረገችውም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ ፕሪቶሪያ ላይ እስከተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሁለት ዓመት ፈጀ። ዓመት ሳይሞላ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ውጊያ ተነሳ። ትግራይ፣ አፋር፣ አማራ፣ ወለጋ… ፊደል መቁጠር ሲገባው የተኩስ ድምፅ ለይቶ ማወቅ የተማረ ልጅ በየቦታው አለን።

ይህ ልጅ ተረት አጥቷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሞልቶታል! ማታ ማታ አዋቂ ሲያወራ ይሰማል፤ ስልካችን ላይ ቲክቶክ ሲጮህ ይሰማል። «እነዚያ እንዲህ ናቸው፣ እነዚህ እንዲህ አደረጉን» የሚለውም ተረት ነው። ጀግና አለው፣ ጭራቅ አለው፣ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ በቀል ነው። እኛ ሌላ ካልነገርነው ልጁ የያዘውን ይዞ ያድጋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ አይመጣም፤ እቤታችን አለ። የነብሩን ተረት ታውቁታላችሁ አይደል? ዝሆን ሳያየው የነብር ግልገል ረግጦ ገደለ። ለአባት ነብር «ልጅህን ዝሆን ገደለው» ብለው ነገሩት። ነብር አሰበ፣ አሰበና «የለም፣ ዝሆን አይደለም፤ ፍየሎች ናቸው የገደሉት!» አለ። ሄዶም ፍየሎቹን ፈጃቸው። ይህን ተረት ደብረ ብርሃን ካሉት የተፈናቃዮች መጠለያዎች በአንዱ ለልጆች ነግሬ ነበር። ትልልቆቹ ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም። «ፍየሎቹ ግን የት ይሂዱ?» አለችኝ። ምን እንደደረሰባት አልጠየቅኳትም። እሷም ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ግን ስለ ፍየሎቹ ግማሽ ሰዓት አወራን፤ የት እንደሚደበቁ፣ ማን ውኃ እንደሚሰጣቸው፣ ሲመለሱ ቤታቸውን ማን እንደሚሠራላቸው።

ተረት የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጁ በራሱ ስም ሊናገረው ያልቻለውን በፍየል ስም ይናገረዋል። ሲፈልግ ይጠጋል፣ ሲፈራ «ተረት ነው» ብሎ ይሸሻል። «ምን አየህ? ንገረኝ» ብለን ከምናፋጥጠው ይህ ይሻላል።

ይህንንም የድሮ ሰዎች ያውቁታል። እናቱ የሞተችበት ልጅ የእንጀራ እናቱን አልቀርብም ሲል፣ ሴትየዋ መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሄደች። አዋቂውም ከአንበሳ ጺም አንድ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ አላት። በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነቀለች። ስታመጣለት «በይ እንግዲህ፣ ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው» አላት። ለተጎዳ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመምህራን መመሪያ እኔ አላየሁም።

አባባ ተስፋዬም ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን መንግሥት ተለዋውጧል፣ ጦርነት መጥቶ ሄዷል። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ የታወቀ ድምፅ፣ ሁሉ ነገር ለፈረሰበት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ልብ በሉ፣ ተረት ሁሉን ይፈውሳል አላልኩም። እንቅልፍ ያጣ፣ መናገር ያቆመ ልጅ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ተረት ስም ተሰጥቶት ስብከት ሲሆንም አይጠቅምም። «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ወዲያው አትፈትኗቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ንገሯቸው። ጅቡን ከተረቱ አታውጡት፤ ልጆቹ ጅብ እንዳለ ያውቃሉ፤ ከጅብ ያመለጠ እንዳለም ይስሙ እንጂ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዱቄቱን አንተ አሰባስብ፤ እኔም አዋጣለሁ። መጽሐፉን እኔ ላሰባስብ፤ አንተም አዋጣ። ሁለቱ በአንድ መኪና ይሄዳሉ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ የቤት ሥራ አላችሁ (መቼም መምህር አይለቅም!)። አያት ያላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉና አንድ ተረት በስልካችሁ ቅዱ። የሰማችሁትንም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በየትኛውም ቋንቋችን ይሁን። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።