አክተር አይሞትም

የተማረ ሰው «ትናንት ማታ ምን ፊልም አየህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠውን መልስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? መጀመሪያ ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያም ሽልማት ያገኘ፥ ቀስ እያለ የሚሄድ፥ ሰዎቹ በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከቱ የሚተክዙበት የአንድ ፊልም ስም ይጠራል። ያን ፊልም በእርግጥ አይቶታል፤ ነገር ግን ትናንት ማታ አይደለም። ትናንት ማታ ያየው አንድ እጁ የተቈረጠ ሰው አርባ ባለ ሰይፍ ብቻውን ሲያሯሩጥ ነው። ይህን ግን በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት፥ በተለይም አለቃው ባሉበት፥ ትንፍሽ አይልም።

እኔም የዚሁ ማኅበር አባል ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴአትር ብዙ ይወራል፤ ስለ ኩንግፉ የሚያወራ ግን በር ዘግቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ነገሩን በግልጥ ለመጨዋወት ፈለግሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በሰፈራችን ልጆች ቋንቋ ሰው በአየር ላይ የሚራገጥበት ፊልም ሁሉ «ካራቴ» ነው። ካራቴ የጃፓን፥ ኩንግፉ የቻይና ነው ብላችሁ ብታስረዱ የሚሰማችሁ የለም። ጀግናው «አክተር»፥ ክፉው ሰው «ቦስ» ይባላል። ከዚህም የታወቀው ሕግ ይወጣል፤ አክተር አይሞትም። ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ በነበረበት ጊዜ፥ በጠባብ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ተመልካች ይህን ሕግ ጠንቅቆ እያወቀ፥ አክተሩ በወደቀ ቍጥር «ተነሥ! ተነሥ!» እያለ ይጮኽ ነበር። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ መጨነቅ ከሰው ተድላዎች አንዱ ይመስለኛል። ልጆች ተረቱን ለመቶኛ ጊዜ «ድገሙልን» የሚሉት ለምንድን ነው?

አሁን ለማያውቁት አንባብያን ያህል አንድ ናሙና ላቅርብ። በ1976 ዓ.ም. ጂሚ ዋንግ ዩ የተባለው ተዋናይ ራሱ ጽፎ፥ ራሱ አዘጋጅቶ፥ ራሱ የተጫወተበት ስለ በራሪው የአንገት መቍረጫ የሚተርክ ፊልም አለ። ክፉው ሰው ዐይነ ስውር ሽማግሌ መነኵሴ ነው። መሣሪያው በሰንሰለት ጫፍ የታሰረ፥ ዙሪያውን ስለት ያለው ባርኔጣ የመሰለ ነገር ሲሆን፥ ወርውሮ በሰው ራስ ላይ ካጠለቀው በኋላ ሰንሰለቱን ሲስበው ራሱ ከነባርኔጣው ይመጣል። ጀግናው አንድ እጅ ብቻ ያለው መምህር ነው፤ ትንፋሹን ተቈጣጥሮ በግድግዳና በጣራ ላይ እንደ እንሽላሊት ሲራመድ ለተማሪዎቹ ያሳያል። ከህንድ የመጣ አንድ ተፋላሚ ደግሞ እጆቹን እንደ ላስቲክ ያስረዝማል። በባዶ እግሩ የሚዋጋውን የታይላንድ ቦክሰኛ ጀግናችን እንዴት ያሸንፈዋል ብትሉ፥ ወለሉ ብረት ወደ ሆነ ጎጆ አግብቶት ከሥሩ እሳት ያነዳል። እንግዲህ ፍረዱ! የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ ይህን ፊልም ከእኔ ጋር አይቶ በሃያኛው ደቂቃ ላይ «ይህ ሊሆን አይችልም» አለ። በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ዝም አለ። በመጨረሻው «ሁለተኛ ክፍል የለውም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያውም ያ ራሱ ሁለተኛው ክፍል ነበረ።

ለፊዚክሱ መልስ ብዙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፊልም ካሜራ እንደ ልማዱ በሰከንድ 24 ሥዕል ያነሣል። ካሜራውን ዘግየት አድርገው ሃያ ወይም ሃያ ሁለት ሥዕል ብቻ ካነሡና በ24 ፍጥነት ካሳዩት ጡጫው ይፈጥናል። ሰው በጣራ ላይ የሚዘለው ከታች በተወጠረ አንጣሪ ሸራ ወይም ከላይ በማይታይ ሽቦ ነው። ድምፁም ቢሆን በዚያን ዘመን በሆንግ ኮንግ ፊልሙ ያለ ድምፅ ይነሣና ንግግሩና የጡጫው «ጧ! ድው!» በስቱዲዮ ይጨመርበት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ደግሞ አፉ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይቀጥላል፤ ወይም ቃሉ አልቆ አፉ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው የሚስቀው በዚህ ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ ያለዚያ ነገር ወጥ ያለ ጨው ነው።

ይህን ዓይነት ፊልም ማፈር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በሻንጋይ ከተማ በ1928 ዓ.ም. ስለ ቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል የሚተርክ ፊልም ወጣ። ሕዝቡ ስለ ወደደው እስከ 1931 ድረስ 18 ክፍሎች ተከታትለው ተሠሩ። ወጣቶች የሰይፍ መምህር ፍለጋ ከቤታቸው ወደ ተራራ ይኮበልላሉ ተብሎ ይወራ ነበር። መንግሥትም አጉል እምነት ያስፋፋል ብሎ ከለከለው። ታላቁ ደራሲ ማኦ ዱን በ1933 ስለዚህ ፊልም በነቀፌታ ሲጽፍ፥ ተመልካቹ እንዴት እንደሚያጨበጭብና እንደሚጮኽ መዝግቧል። ይህን ጽሑፍ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ሰውዬው ጩኸቱን ያን ያህል አጣርቶ ለመስማት ስንት ጊዜ ገብቶ አይቶት ይሆን?

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ደቡብ፥ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገረ። የሻው ወንድማማቾች በ1961 በክሊርዎተር ቤይ ትልቁን ስቱዲዮአቸውን ከፈቱ። በ1967 የወጣው የቻንግ ቼ «አንድ እጅ ያለው ሰይፈኛ» በሆንግ ኮንግ ብቻ አንድ ሚሊዮን የአገሩን ዶላር ያስገባ የመጀመሪያው የአገር ፊልም ሆነ። ሬይመንድ ቻው ደግሞ ከሻው ወጥቶ በ1970 የራሱን ኩባንያ አቋቋመና ብሩስ ሊን አመጣልን።

ስለ ብሩስ ሊ ሁሉ ሰው ስለሚያውቅ አላረዝምም። በ1971 በወጣው «ትልቁ ቦስ» አንዱን ሰውዬ በጡጫ ብሎት በእንጨት ግድግዳ ውስጥ ሲያሳልፈው፥ በግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ የሰውዬውን ቅርጽ ከነእጁ ከነእግሩ የያዘ ነው። ይህን አይቶ የማይስቅ ሰው ከእኔ ጋር ምሳ ባይበላ እመርጣለሁ። ነገር ግን ታሪኩ ምንድን ነው? በበረዶ ፋብሪካ የሚሠሩ ድሆች በበረዶው ውስጥ የተደበቀ አደንዛዥ ዕፅ እንዳለ ደርሰውበት አንድ በአንድ ሲጠፉ ነው። በ1972ቱ «የቍጣ ቡጢ» ደግሞ ብሩስ ሊ «ውሻና ቻይናዊ አይገባም» የሚለውን ሰሌዳ በእርግጫ ይሰባብረዋል። በዚያ ፊልም መጨረሻ የእኛ ሕግ ይፈርሳል፤ አክተሩ በተደገነበት ጠመንጃ ላይ ዘሎ ይገባል፥ ሥዕሉም በአየር ላይ እንዳለ ይቆማል፥ የተኩስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በቪዲዮ ቤት ሳየው ከጐኔ የተቀመጠው ልጅ «ዘለለ እንጂ አልሞተም» ብሎ ከሁላችን ጋር ተከራክሯል። ማስረጃውም ሬሳውን አላሳዩንም የሚል ነበር። በሕግ ትምህርት ቤት ይግባ ብዬ መክሬው ነበር።

እኔን እንደ መምህርነቴ ከሁሉ አብልጦ የያዘኝ ግን የላው ካር ልዩንግ የ1978 ፊልም ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «36ኛው የሻውሊን ክፍል» ይሆናል። ተማሪዎቼ ይህን ስም ሲሰሙ «መምህር፥ እስከ 36ኛ ክፍል ድረስ ማን ይችላል?» ብለው ይሥቃሉ። በእውነትም የትምህርት ቤት ፊልም ነው። መምህሩና ጓደኞቹ በመንግሥት ወታደሮች የተገደሉበት አንድ ተማሪ ወደ ገዳም ይሸሻል። ገዳሙ 35 የመለማመጃ ክፍሎች አሉት። ልጁ እንደ ብዙዎቻችን ከመጨረሻው፥ ከከፍተኛው ክፍል ልጀምር ይላል፤ ገብቶም ወዲያው ተዘርሮ ይወጣል። ከታች ይጀምራል።

የመጀመሪያው ትምህርት ምሳ መብላት ነው። ከምግብ አዳራሹ በፊት ውሃ አለ፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን እንጨት ሳይሰምጡ ረግጦ ማለፍ ያስፈልጋል። ልጁ ይወድቃል፥ ይበሰብሳል፥ ይራባል። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ውሃ እጁን ዘርግቶ ሽቅብ ያመላልሳል፤ በክንዱ ላይ ስለት ታስሮአል፥ ክንዱ ከወረደ ጐኑን ይወጋዋል። ረጅም ዘንግ ባለው ከባድ መዶሻ ደወል ይደውላል። በጭንቅላቱ የአሸዋ ከረጢት ይገጫል። የፊልሙ ብዙ ክፍል ይህ ነው፤ ጠብ የለበትም፥ ፍቅር የለበትም፥ አንድ ሰው ማድረግ ያቃተውን ነገር እየደጋገመ ሲሞክር ብቻ ነው። ሆኖም ባሳየሁበት ቀን ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎቼ ጸጥ ብለው አዩት። እኔ ስለ ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ልጁ 35ቱን ጨርሶ የማንኛውም ክፍል አለቃ እንዲሆን ሲፈቀድለት፥ አይ፥ እኔ 36ኛ ክፍል ልከፍት እፈልጋለሁ ይላል። ይኸውም ከገዳሙ ውጭ ላለው ተራ ሕዝብ የሚሆን ክፍል ነው። አዘጋጁ ላው ካር ልዩንግ ይህን ከመጽሐፍ ያገኘው አይደለም። አባቱ ያስተማሩት ሲሆን፥ የአባቱ መምህር ደግሞ የዝነኛው የዎንግ ፌይ ሁንግ ተማሪ ነበሩ። የሚያሳየን ልምምድ የቤቱ ነው።

እንግዲህ የምናፍርበት ነገር ምንድን ነው? ባርኔጣው ነውን? የግድግዳው ቀዳዳ ነውን? በበኩሌ በዚህ ማፈር አቁሜአለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

ጃኪ ቻን፥ ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያው በሆንግ ኮንግ ዩ ጂም ዩን የተባሉ መምህር በከፈቱት የቻይና ኦፔራ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። ጃኪ ቻን የገባው በሰባት ዓመቱ ገደማ ሲሆን፥ አባቱ ለአሥር ዓመት ውል ፈርመው ወደ አውስትራልያ ለሥራ ሄዱ። በ1998 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጠው፥ ውሉ መምህሩ ልጁን እስከ ሞት ድረስ እንኳ እንዲቀጡ ይፈቅድ ነበር። ልጆቹ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይለማመዱ ነበር፤ የተሳሳተ በዘንግ ይገረፋል። አድገው ሲወጡ ኦፔራ ተመልካች አጥቶ ነበርና የተማሩት ሥራ የፊልም መውደቅና መገልበጥ ሆነ። በ1983ቱ ፊልም ጃኪ ቻን ከሰዓት ማማ ላይ ሲወድቅ ያቆመው ሁለት ሸራ ብቻ ነው። በ1986 በዩጎዝላቪያ ከዛፍ ላይ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። በፊልሞቹ መጨረሻ የጉዳቱን ሥዕሎች ያሳዩናል፤ እኛም ቈሎ እየቈረጠምን እንሥቃለን።

ይህን ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። መምህር ሆኜ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ «የኔታ፥ ልጁ የእርስዎ ነው፥ ይቅጡልን» ብለው ልጃቸውን የሚያስረክቡኝ ወላጆች ዛሬም አሉና። የአገራችን ሕገ መንግሥት ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። አንቀጹም፥ እንደ አጋጣሚ፥ 36 ነው። ይህን ስነግራቸው ሣቁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣና፥ «መምህር፥ ሳይገረፉ እንደ ጃኪ ቻን መሆን ይቻላል?» አለኝ።

ብሩስ ሊን ጠራሁለት። እርሱ በዚያ ትምህርት ቤት አልገባም። በወጣትነቱ ከዪፕ ማን ዊንግ ቹን ተማረ፤ በ1958 በሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ውድድር አሸነፈ፤ ከ1961 ጀምሮ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያነብ ነበር። ዳንስና መጽሐፍ ያን ሰው ሊያወጡት ችለዋል አልሁት። ሌላዋ ተማሪ ወዲያው፥ «ነገር ግን መምህር፥ በሻውሊኑ ፊልም ማንም ልጁን አልገረፈውም ብለውናል፤ በክንዱ ላይ የታሰረውስ ስለት ዱላ አይደለም ወይ?» አለችኝ። ደወሉ ተደወለ። ይህ ደወል ባይደወል ኖሮ ምን እንደምመልስላት አላውቅም፤ ልጁ ስለቱን ለማሰር ራሱ ወዶ ነው እንዳልል፥ የሰባት ዓመት ልጅም ወዶ ነው የሚሉ ይኖራሉ።

ሳሞ ሁንግ በ1988 ዓ.ም. ስለዚሁ ትምህርት ቤት በተሠራ ፊልም የገዛ መምህሩን ሆኖ ተጫውቷል። የገረፈውን ሰው ልብስ ለብሶ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ትንንሽ ልጆች ፊት ይቆማል። በጣም የሚያምር ሥራ ነው፤ ሰው የሚበርበት ግን አይደለም። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ማሳያ መሣሪያውን ከፈቀዱልኝ፥ በሚመጣው ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለዚያች ልጅ ክፍል አሳያቸዋለሁ። የፊዚክስ መምህሩም እመጣለሁ ብሏል፤ ባርኔጣው እንደሌለበት ገና አልነገርሁትም።