ድካምን በእጅ ስለሚያራግፉ ባለሙያዎች

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሥጋን በሙቅ ውሃ አርሶ ድካምን ማራገፍ የአዲስ አበባ ሰው የጸና ልማዱ ሲሆን፣ ማሳጅ ግን፣ ምንም እንኳ ዛሬ ከቦሌ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ድረስ ብዙ ወጣቶች የሚተዳደሩበት ግብር ቢሆን፣ የሚገባውን የሙያ መዓርግ ገና አላገኘም። ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ሲወሳ ብዙ ሰው የሚያስቀድመው ደመወዙን ነው፤ እኔ ግን ክብሩ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ ክብር የጎደለው ሥራ ደመወዙም ደኅንነቱም አብሮ ይጎድላልና።

በጎነቱ የሚካድ አይደለም። በዚህ ሙያ ለመሠማራት መሬት ወይም ብዙ ጥሪት አያሻም፤ ዘይት፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ትዕግሥትና የሰውን ጡንቻና አጥንት ጠንቅቆ ያወቀ እጅ ይበቃል። ፍሬውም ሳይውል ሳያድር ይታያል፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የዋለ ሾፌር ወገቡን ይዞ ገብቶ ቀና ብሎ ሲወጣ፣ ያሸችው ሴት የሥራዋን ምስክር እዚያው በዐይኗ ታያለች። በየመንደሩ ወለምታን በቅቤ የሚያሽ ወጌሻ፣ በስታዲየምም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ወደቀው ተጫዋች የሚሮጥ ወጌሻ አለን፤ ተጫዋቹ ሲነሣ የሚጨበጨበው ግን ለተጫዋቹ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር በሚያጥቡባት ሀገር፣ የሌላውን ሥጋ በእጅ ማገልገል እንደ ነውር መቆጠሩ ዘወትር ይገርመኛል።

ሸማኔ መወርወሪያው ቢሰበርበት ሌላ ያሠራል፤ የማሳጅ ባለሙያ መሣሪያ ግን የገዛ አውራ ጣቷ፣ የእጇ አንጓና ወገቧ ነው። ነባሮቹ ባለሙያዎች አውራ ጣት እንዲያርፍ በክንድና በክርን መጫንን፣ የአልጋውንም ከፍታ በቁመት ልክ ማስተካከልን ይመክራሉ፤ ነገር ግን ደንበኛ በሚደራረብበት ቅዳሜ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዲገባ የሚያዝ ባለቤት ባለበት ቤት፣ ይህ ምክር ከንቱ ነው። ቋሚው ደመወዝ አነስተኛ ሆኖ የቀረው በፐርሰንትና በጉርሻ የሚሟላ በሆነበት ስፍራም፣ እጇ ባበጠ ዕለት ገቢዋ ይቋረጣል። የዕውቀት ማነስ ደግሞ ለታሺው ያስፈራል፤ ባቱ ያበጠና ያተኮሰው ሰው በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶበት እንደሆነ፣ ማሸቱ የረጋውን ደም ወደ ሳንባው ሰድዶ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሐሜቱ ነው። በማሳጅ ስም ሌላ ንግድ የሚነግዱ ቤቶች መኖራቸው የታወቀ በመሆኑ፣ በቅንነት የምትሠራውም ልጅ ለእናቷ «በውበት ሳሎን ነው የምሠራው» ለማለት ትገደዳለች፤ ነውረኛ ጥያቄ የሚያቀርብ ደንበኛ ሲያጋጥማትም፣ ባለቤቱ ገበያ እንዳይቀርበት በትዕግሥት እንድታልፈው ይመክራታል።

ይህ መከራ በእኛ አልተጀመረም። በ1894 እ.ኤ.አ.፣ የለንደን ማሳጅ ቤቶች ነውር መነጋገሪያ በሆነበት ወራት፣ በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ አራት ሴቶች ተሰብስበው የሠለጠኑ አሺዎችን ማኅበር መሠረቱ፤ ፈተና ደነገጉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ላለማሸት፣ ከሕክምና ጋዜጣ በቀር በሌላ ላለማስታወቅ ራሳቸውን በሥርዐት አሰሩ። ዛሬ የብሪታንያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር የሚባለው የዚያ ማኅበር ወራሽ ነው። ሥርዐታቸውን እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ የደከመው ሁሉ የሐኪም ወረቀት ይዞ ይምጣ ቢባል ቤቶቹ ይዘጋሉ። ፈተናና የምስክር ወረቀት ግን ግድ ነው። በኒው ዮርክ ፈቃድ የሚሻ ሰው 1,000 ሰዓት መማር ይጠበቅበታል፤ ከአዲስ አበባ የሄደች ባለሙያም የብዙ ዘመን ልምዷን ይዛ ብትደርስ፣ ልምዷ ብቻውን ፈቃድ አያሰጣትም። እኛም የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምር ተቋም እያለን፣ ለማሳጅ ሠራተኞች የሚበቃ አጭር ትምህርት ማሰናዳት ሊያቅተን አይገባም።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ለዚህ ሙያ ግን ከስድብ መከልከል ብቻ አይበቃውም። ነውር የጠየቃትን ደንበኛ ከአልጋው አስነሥታ ስታሰናብት፣ የዚያ ሰዓት ድርሻዋ እንዳይቀርባት፣ ከሥራም እንዳትባረር በውሏ ሊጻፍላት ይገባል፤ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም የቤቱን ንጽሕና ሲመረምር ውሉን አብሮ ይመርምር። አንዳንድ ባለቤቶች ይህ ከጸና ደንበኛ ይሸሻል ብለው ይሠጉ ይሆናል፤ የሚሸሸው የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ግን ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም።