«ሁ»፣ «ዊች» እና ትርፍ የሆነው «ኢት»

በዚህ ወር የቋንቋ ዓምዳችን በእንግሊዝኛ «ሪሌቲቭ ፕሮናውን» የሚባሉትን «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች» እና «ዛት»ን እንመለከታለን። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ የባዮሎጂውን መልስ አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ አረፍተ ነገሩ ተበላሽቶበት ነጥብ ሊያጣ ይችላል።

በተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ይህ ነው፦ «ዘ ዉመን ሁም አይ ሜት ኸር ኢዝ ኤ ነርስ»። እዚህ ላይ «ኸር» ትርፍ ናት። ተማሪው ግን ያለ ምክንያት አላመጣትም። በአማርኛ «ያገኘኋት ሴት» ስንል በግሡ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» «እሷን» ማለት ናት። ዐረብኛ የቀራ ልጅ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆንበታል። «አል-መርአቱ አለቲ ቃበልቱሃ» ሲል መጨረሻ ላይ ያለችው «ሃ» ወደ ሴትዮዋ ትመለሳለች፤ በነሕው ትምህርት «ዓኢድ» የምትባለው እሷ ናት። ሁለቱም ቋንቋዎች መላሽ ተውላጠ ስም አስለምደውታልና በእንግሊዝኛውም ይጨምራል። በእንግሊዝኛ ግን «ሁም» ራሱ የ«ኸር»ን ቦታ ይዟል። በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አይቀመጥም። ትክክለኛው «ዘ ዉመን ሁም አይ ሜት ኢዝ ኤ ነርስ» ነው። «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» የሚለውም እንዲሁ «ኢት»ን ማውጣት አለበት።

ሁለተኛው ስህተት በተለይ የመድረሳ ልጆች ናት። በዐረብኛ የሚገለጸው ስም ያልታወቀ (ነኪራ) ከሆነ «አለዚ» አይገባም፤ «ሊ ሶዲቁን የስኩኑ ፊ ሀረር» ይባላል። ይህን ቃል በቃል የሚያዞር ልጅ «አይ ሃቭ ኤ ፍሬንድ ሊቭስ ኢን ሀረር» ይላል። ይህ አይሆንም፤ «ኤ ፍሬንድ ሁ ሊቭስ» መባል አለበት። «ሁ» የግሡ ባለቤት ስለሆነ አይጣልም። ተሳቢ ሲሆን ግን መጣል ይቻላል፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ትክክል ነው።

ምርጫው ቀላል ነው። ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃና ለእንስሳ «ዊች»፣ ለሁለቱም «ዛት»። እንደ «አለዚ» እና «አለቲ» ጾታ አይለይም፤ ይህን አላህ አቅልሎልናል። «ሁም» በንግግር እየቀረ ቢሆንም እንደ «ቱ» ካለ መስተዋድድ ቀጥሎ ሲመጣ ዛሬም የሚጻፈው እሱ ነው። «የማን» የሚለውን የሚተካው «ሁዝ» «ሁ ኢዝ» ሲያጥር ከሚሰጠው ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ የሚለዩት በአጻጻፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኮማዋ እንምጣ፤ ብዙዎች ይንቋታል። አንድ የመድረሳ ኃላፊ ለረጂ ድርጅት ደብዳቤ ይጽፋል እንበል። መቶ ልጆች አሉት፤ መጽሐፍ የሌላቸው ሠላሳዎቹ ናቸው። «ዘ ችልድረን ሁ ሃቭ ኖ ቡክስ ኒድ ኸልፕ» ብሎ ያለ ኮማ ከጻፈ የጠየቀው ለሠላሳዎቹ ነው። ከ«ሁ» በፊትና ከ«ቡክስ» በኋላ ኮማ ካደረገ ግን «ልጆቹ ሁሉ መጽሐፍ የላቸውም» ማለቱ ነው። ሳያስበው ከእውነቱ ውጭ ጻፈ፤ ድርጅቱ መጥቶ ሲቆጥር የሚያፍረው እሱ ነው። በአማርኛ «መጽሐፍ የሌላቸው ልጆች» ስንል ልዩነቱን የምታሳይ ምልክት ስለሌለን እንግሊዝኛውን ስንጽፍ ቆም ብሎ «ሁሉም ናቸው ወይስ ከፊሎቹ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። በኮማ በተከበበው ሐረግ ውስጥ «ዛት» እንደማይገባም ልብ በሉ።

ለመለማመጃ አራት አረፍተ ነገሮች እነሆ። አንዱ ትክክል ነው፣ ሦስቱን አርሙ። «ዘ ማን ሁም ዩ ጌቭ ሂም ዘ ሌተር ኢዝ ማይ አንክል»፤ «ሺ ሃዝ ኤ ሲስተር ዎርክስ ኢን ዱባይ»፤ «ዘ ቲቸር አይ ሜት ኢዝ ካይንድ»፤ «ዘ ሃውስ ዊች ዊ ሊቭ ኢን ኢት ኢዝ ስሞል»። መልሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እናወጣለን።