እንግዳው ወንድም ነው ወይስ ፕሮጀክት?

ዛሬ ባልና ሚስት አብራችሁ የምታስቡበት አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። እሑድ በአምልኮ ሰዓት አንድ የውጭ አገር ሰው ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ገብቶ ከጎናችሁ ቢቀመጥ፣ በመጀመሪያ ወደ ልባችሁ የሚመጣው አሳብ ምንድን ነው? «ቤታችን ወስደን ቡና እናጠጣቸው ይሆን?» ነው ወይስ «ከየትኛው ድርጅት ይሆኑ?»

ጥያቄውን በቀላሉ አንለፈው። አራዳና ፒያሳ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ከሐበሻው ጋር ደጅ ለደጅ የኖሩበት መንደር ነው። እኛ የወንጌል አማኞች ደግሞ ታሪካችን ራሱ በእንግዳ ታሪክ የተሞላ ነው።

መጀመሪያ እንግዳ የሆነውስ ማን ይመስላችኋል? የእኛው ሰው ነው! እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተወያየ። እነርሱም በደስታ ተቀበሉት፤ ሲሄድም ወንድሞች እንዲቀበሉት የአደራ ደብዳቤ ጽፈው ሸኙት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ጴጥሮስ ሄይሊንግ የተባለ ጀርመናዊ ሉተራን በተራው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ወደ አገራችን መጣ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ስዊድናዊው ካርል ሴደርክቪስት እ.ኤ.አ. በ1904 ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪያርፍም ድረስ በዚህች ከተማ አገለገለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ስዊድናውያኑ ሲባረሩ ጉባኤው አልተበተነም፤ ቄስ ባድማ ያለውን የመሳሰሉ የአገር ልጆች ይዘውት ቆዩ። የዚያ የአዲስ አበባ ጉባኤ መጠሪያ የሆነው «መካነ ኢየሱስ» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1959 ለተመሠረተችው አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት። እንግዳ የዘራውን የአገር ልጅ አጨደው ማለት ነው።

በከተማችን በጀርመንኛ የሚያመልክ ወንጌላዊ ጉባኤም አለ። አባላቱ የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ የሚመለሱ መንገደኞች ናቸው፤ ሆኖም በራሳቸው ቋንቋ ዘምረው በር አልዘጉም። የድሀ ልጆች የሚማሩበት፣ ዓይነ ስውራን ሕፃናትም ከሚያዩት ጋር አብረው የሚቀመጡበት ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ኮሪያውያንንስ? አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ወታደሮች ወደዚያ ሩቅ አገር ዘመቱ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ። ኮሪያውያን ይህን ውለታ እስከ ዛሬ ያነሡታል። በሴኡል የሚገኘው የሚዩንግሰንግ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2004 ገርጂ ላይ «ኮሪያ ሆስፒታል» የምንለውን ከፍቷል። በነገራችን ላይ፣ በኮሪያ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ ሚሲዮናውያኑ ሴኡል የገቡት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ስለዚህ የምታገኙት ኮሪያዊ ፕሬስቢቴሪያን ሊሆን ይችላል። ወንድማችሁ ለመሆን ግን የአንድ ቤተ እምነት ሰው መሆን አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወደ ሕመማችን እንምጣ። ብዙ ጊዜ ፈረንጅ ሲገባ ከፊት ወንበር እንሰጠዋለን፤ ከቡራኬ በኋላም የልጃችንን የትምህርት ማስረጃና የጉባኤውን የድጋፍ ጥያቄ ይዘን እንከብበዋለን። ከደቡብ ሱዳን ወይም ከኤርትራ ተሰዶ የመጣው ወንድም ግን እርሱም እንግዳ ሆኖ ሳለ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያመልካል። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንኑ ማዳላት አይደለምን? ፈረንጁንም ቢሆን አልወደድነውም፤ ኪሱን ነው የወደድነው። እርሱም ይገባዋል፤ ባለቤቱም ይገባታል። ዓመት ሙሉ ሰው ከቧት የሰው ቤት ሳትገባ ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት ስለ እኛ ፍቅር ምን ትመሰክራለች?

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በዚህ ወር አንድ እንግዳ ቤተሰብ ቤታችሁ ጥሩ። ሽሮም ቢሆን ይበቃል። ባልየው «እንግዳ ጠርቻለሁ» ብሎ ድካሙን ሁሉ ለሚስቱ አይተው፤ ይላላክ፣ ያስተናግድ፣ ዕቃም ይጠብ። ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን ምንም ዓይነት እርዳታ እንዳትጠይቁ ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሦስተኛ፣ በአምልኮ ላይ ቋንቋ የሚችል ልጃችሁን አጠገባቸው አስቀምጡ፤ የስብከቱን አሳብ ቀስ ብሎ ይንገራቸው። አራተኛ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ እዚያ ላሉ ወንድሞች ደውላችሁ አደራ በሉ። ለዲያቆን ሚካኤል የተደረገለት ይኸው ነበር።

እኛም ብንሆን እንግድነትን አናውቀውም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቱ ቤተሰብ ወደ አዲስ ሰፈር ሄዶ ማንም በማያውቀው ጉባኤ ከኋላ ተቀመጠ! በባዕድ አገር ያሉ ልጆቻችንስ ስንቶቹ ሌሎች ባዋሷቸው አዳራሽ በአማርኛ ይዘምራሉ! ለእነርሱ እንዲደረግላቸው የምንመኘውን እኛ እዚህ እናድርገው።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ተነጋገሩበት፦ እስከ ዛሬ ከቤታችን ደጃፍ ያለፈ፣ ምንም ያልጠየቅነው እንግዳ አለ? ከሌለ ማንን እንጥራ? ስሙን ጠርታችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

እንግዶችን የሚጠብቅ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።