ደመላሽ

እኔና ሞተር እንደማንዋደድ ይህን ዓምድ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ፓስተር ጋ የገጠመኝን ሳወራ «ደግሞ ጀመረው» እንዳትሉኝ። ስንት ዘመን ጠብቀን ባገኘነው የእግረኛ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነው። ከኋላዬ ክላክስ ተነፋ። ዞር ስል የምግብ ሳጥን ያዘለ ሞተር ጠርዙን ዘሎ መጥቶብኛል። ጃንጥላዬን ዘርግቼ መንገዱን ዘጋሁበት። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ልጁ የሄልሜቱን መስታወት ገለጠና «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ደም ይዤ ነው» አለኝ። ጃንጥላዬ በራሱ ጊዜ ታጠፈ። ልጁም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ ተፈተለከ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ደም ነበር ወይስ በርገር? ሳጥኑ አረንጓዴ ነው፤ ሲያልፍም የተጠበሰ ሽንኩርት የሸተተኝ መሰለኝ።

ጉዳዩን ይዤ አዲሱ ገበያ ወዳለው ቡና ቤታችን ሄድኩ። እዚያ አንድ ጡረታ የወጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ፤ ሳይጠየቅም ይፈርዳል። «ዋሽቶሃል» አለኝ። «ደም እኮ ሽሮ አይደለም፣ ባገኘኸው ዕቃ ይዘህ የምትሮጠው። ቀዩ ደም ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ተጠብቆ ነው እስከ 35 ቀን የሚቆየው። ፕላትሌት ደግሞ ፍሪጅ አይገባም፤ በክፍል ሙቀት ቀንና ሌሊት እየተወዛወዘ 5 ቀን ነው ዕድሜው። ታዲያ ይህን ሁሉ ተጠንቅቀህ ስታበቃ ከፒዛ ጋር ልትጭነው ነው?» ብሎ ማኪያቶውን ጠጣ። ክርክሩን የዘጋው መሰለው።

ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ዋሽቶም ከሆነ ከውሸት ሁሉ መርጦ ይቺን ለምን አመጣ? «ፖሊስ ነኝ» ቢለኝ መታወቂያ እጠይቀው ነበር። «ምሳ ሊቀዘቅዝብኝ ነው» ቢለኝ ጃንጥላውን አቀምሰው ነበር። ደም ሲለኝ ግን እጄ ሳላዘው ታጠፈ። የታጠፈበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ እዚህ ዓምድ ላይ ግን አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የእህቴ ልጅ ወልዳ ደሙ አልቆም አላት። ሆስፒታሉ፣ ስሙ ይቆየን፣ የእሷን ዓይነት ደም አልነበረውም። ወረቀትና ናሙና አስይዘው ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ደም ባንክ ላኩኝ። ሁለት ከረጢት ደም በረዶ ባለው ሳጥን ተቀብዬ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በላዳ ተመለስኩ። ቸርችል ጎዳና ላይ መንገድ ተዘጋ። እንግዳ ሊያልፍ ነው ተባለ። ባለላዳው ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣ አወጣ። እኔ በረዶው ሲቀልጥ ሱሪዬ ላይ ይታወቀኛል።

በመኪኖቹ መሀል የሚሹለከለክ አንድ ሞተረኛ በመስኮት አየኝ። ፊቴ ሳይናገር አልቀረም። «ምንድን ነው?» አለ። «ደም» አልኩት። «ውጣ!» በየትኛው ቅያስ እንደወሰደኝ ዛሬም አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በር ላይ ሲያወርደኝ እጄን ኪሴ ከተትኩ። «ግባ እንጂ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸብኝና ዞረ። የእህቴ ልጅ ተረፈች። ያን ቀን የተወለደችው ልጅ አሁን ሒሳብ አስጠናኝ እያለች ታስቸግረኛለች።

ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን ሞተር ከአዲስ አበባ ሲታገድ እኔ እዚሁ ዓምድ ላይ እሰይ ብያለሁ። ስልክ ነጣቂው፣ ቦርሳ መንታፊው ሁሉ በሞተር ነው ብዬ። ውሸት አልነበረም። ያ ሰው ግን ትዝ እያለኝ አንዲት መስመር አልጻፍኩለትም። ለክርክሬ አይመችማ! በኋላ ባለፈቃዶቹ ሲመለሱም አጉረመረምኩ። እንግዲህ የላቦራቶሪው ወዳጄ ልጁን ውሸታም ሲለው ዝም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከውሸታም ውሸታም ይበልጣል።

ደም የሚሰጥ ሰው 450 ሚሊ ሊትሩን ለግሶ፣ ለስላሳውን ጠጥቶ ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ዳገት አለ። ሰጪው ታች ነው፣ ተቀባዩ ላይ። በእኛው በጉለሌ እንኳ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ከፍ ስትሉ ቅዱስ ጴጥሮስ። ሁለቱ ሐዋርያት በዓላቸውን ሐምሌ 5 በአንድ ቀን ያከብራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በ11 ሰዓት ትራፊክ የሚሄድ ግን በዓሉ ሳያልፍበት አይደርስም።

ሸክም ለጉለሌ አዲስ አይደለም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ በቢጫ ጀሪካን ጠበል የሚያወርዱ ምእመናን እዚሁ ናቸው። አገር ቤትም በሽተኛ ሲጸና ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ይነሳል። አራቱ ይሸከማሉ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ዳገቱ ላይ ይቀባበላሉ። ሒሳብ ስንት ነው የሚል የለም። በጎ ፈቃድ የሚባለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ሥራው ነበረን።

ታዲያ ደሙንም በጎ ፈቃደኛ ሞተረኞች ቢያደርሱትስ? «ድሮን ይምጣ» የሚሉ አሉ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም በድሮን ትልካለች፤ ተራራዋ ብዙ ነው፣ እሰየው። ከስታዲየም ጳውሎስ ድረስ ድሮን መጥራት ግን አጥር ለሚጋራ ጎረቤት ቡና ጠጣ ብሎ ደብዳቤ እንደ መጻፍ ነው። «በነፃ የሚሠራ አያዛልቅም» የሚሉም አሉ። እንግሊዝ አገር በጎ ፈቃደኛ ሞተረኞች ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ለሆስፒታሎች ደምና ናሙና በነፃ ሲያመላልሱ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የእኛም ፖስታ ቤት የአክታና የደም ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ሲያደርስ ሰማይ አልተደፋም። የቀረው ሥልጠና፣ ፈቃድና ደህና የቅዝቃዜ ሳጥን ነው። ጎበዝ ሞተረኛማ በየካፌው በር ትእዛዝ እየጠበቀ ተኮልኩሏል።

ደመላሽ የሚባል ስም አለን። ድሮ ለቂም ነው የሚወጣው፤ ልጁ አድጎ የወገኑን ደም ከጠላት እንዲመልስ። ያን ሞተረኛ ስሙን ስላልጠየቅኩት እኔ ደመላሽ ብዬዋለሁ። ጠላት አልገደለም፤ የፈሰሰውን ደም ግን ቃል በቃል መለሰ።

ስለዚህ ሳጥኑ ይሠራ። ነጭ ይሁን፤ ላዩ ላይ በቀይ «ደመላሽ» ተብሎ ይጻፍበት። ያንን ያየሁ ቀን ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አሳልፋለሁ። ማክሰኞ ያሳለፍኩህ ልጅ ሆይ፣ በርገር ይዘህም ከሆነ አልተቀየምኩም፤ ጃንጥላዬን ያጠፍኩት ለአንተ አልነበረም። በሚቀጥለው ግን በአስፋልቱ ሂድ።